ስፕሪስ በጂዳና በመካ፦ ድርብርብ የፍራፍሬ መጠጥን በቤት ውስጥ የማዘጋጀት መመሪያ

ሞክቴል የሚባለው ከተለያዩ ጭማቂዎች ተቀናብሮ የሚቀርብ፣ አልኮል የሌለበት መጠጥ ሲሆን፣ የአልኮል መጠጥ ለሕዝብ እንዳይሸጥ በተከለከለባት በሳዑዲ ዓረቢያ የጭማቂ ቤቶች ይህንኑ መጠጥ በአጭሩ «ኮክቴል» ይሉታል። በጂዳም ሆነ በመካ የሚገኙ የጭማቂ ቤቶች ማንጎ፣ እንጆሪና አቮካዶ በየቀለማቸው ተደራርበው የሚታዩበትን ብርጭቆ በመስኮታቸው ላይ ይደረድራሉ። ኢትዮጵያውያን ደግሞ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ፣ ነገር ግን የራሱ ወግ ያለው መጠጥ አላቸው፤ እርሱም በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ጁስ ቤቶች አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና ዘይቱን ሳይደባለቁ በአንድ ብርጭቆ ተደርበው፣ ሎሚ ተጨምቆባቸውና ብዙ ጊዜም ቪምቶ የተባለው ሽሮፕ ተጨምሮባቸው በማንኪያ የሚበሉበት ስፕሪስ ነው።

በጂዳና በመካ ለሥራና ለኑሮ የሚገኙ ኢትዮጵያውያን ብዙ እንደመሆናቸው፣ በተለይም በየቤቱ የኢፍጣርን፣ ማለትም የረመዳን ጾም መፍቻን ገበታ የሚያሰናዱት እህቶች ቁጥር ከፍተኛ በመሆኑ፣ ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ስፕሪስን ሁለቱ ከተሞች ባሉበት በሒጃዝ ክልል ገበያ በሚገኙ ፍራፍሬዎችና በተራ የቤት ዕቃ መሥራት ለሚፈልጉ ሁሉ ነው። የመመሪያው መነሻ ሐሳብ አንድ ነው፤ ድርቦቹ ሳይቀላቀሉ የሚቆሙት በስኳር ብዛት ወይም በቀለም ማሳመሪያ ሳይሆን፣ በፍሬው ብስለት፣ በውሃው ልክና በአደራደሩ ቅደም ተከተል ነው። ይህንን የተረዳ ሰው ከጭማቂ ቤት የማያንስ ብርጭቆ በቤቱ ያቀርባል፤ ምን እንደሚጠጣም ያውቃል።

ድርቦቹ ሳይቀላቀሉ የሚቆሙበት ምክንያት

አንዱ ፈሳሽ በሌላው ላይ ተለይቶ የሚቆመው በሁለት ምክንያቶች ነው። የመጀመሪያው የእፍግታ፣ ማለትም በእኩል ይዘት ውስጥ የሚገኝ የክብደት ልዩነት ነው፤ በውሃ ውስጥ የሟሟ ስኳር በበዛ ቁጥር ፈሳሹ ስለሚከብድ፣ ቪምቶን የመሰለ ሽሮፕ በቀጭን ጭማቂ ላይ ቢፈስ ሰንጥቆ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለተኛው ውፍረት ነው፤ በደንብ የተፈጨና ውሃ ያልበዛበት ፍሬ በቃጫውና በውስጡ ባለው ፔክቲን፣ ማለትም ፈሳሽን በሚያረጋ የተፈጥሮ ንጥረ ነገር አማካይነት የራሱን ቅርጽ ስለሚይዝ፣ ከላዩ የመጣውን ፍሬ ተሸክሞ ይቆያል።

በምግብ ቤቶች የሚታዩት ቀጫጭን ባለ ቀለም መጠጦች በአብዛኛው በመጀመሪያው ምክንያት፣ ማለትም በሽሮፕ ክብደት ይቆማሉ፤ ስፕሪስ ግን በዋናነት በሁለተኛው ይቆማል። በኢትዮጵያ ጁስ ቤቶች ልማድ ጁስ የሚባለው እንደ ውሃ የሚቀዳ ሳይሆን በማንኪያ የሚነሳ ወፍራም ፍጭ በመሆኑ፣ አዘጋጁ ሊጠብቀው የሚገባው ሕግ ቀላል ነው፤ ከሁሉ የወፈረው ከታች ይሆናል፣ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥርም ውፍረቱ ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል። ቅዝቃዜም ለዚህ ያግዛል፤ የቀዘቀዘ ፍጭ ከሞቀው ይልቅ ስለሚወፍር በጂዳና በመካ ሙቀት ፍሬውን ሳያቀዘቅዙ መደረብ ድካምን ከንቱ ያደርጋል።

ፍሬዎቹን መምረጥ

በሒጃዝ ከተሞች ሐለቃ በመባል የሚታወቀው የአትክልትና የፍራፍሬ ተራ ከሱፐርማርኬት ይልቅ ብዙ ምርጫ የሚገኝበት ሲሆን፣ በመካ ካዕኪያ የሚገኘው ለዚህ ይጠቀሳል። ዘይቱን የምንለው ፍሬ በዓረብኛ ጀዋፋ ስለሚባልና በዚያ «ዘይቱን» ብሎ ለጠየቀ የሚቀርብለት የወይራ ፍሬ ስለሆነ፣ ገበያ የሚወጣ ሰው ይህንን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅመዋል።

ማንጎ ሲመረጥ ከቀለሙ ይልቅ ሽታውና ልስላሴው ይታያል፤ ከዛፉ ጋር በተያያዘበት በኩል ሲሸተት ጣፋጭ መዓዛ ያለውና በአውራ ጣት ቀስ ተብሎ ሲጫኑት ትንሽ የሚሰረጉድ ማንጎ በስሏል። በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ የምትገኘው ጃዛን በማንጎ እርሻዋ የታወቀች ናት፤ ምርቷም በተለይ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ወደ ጂዳና ወደ መካ በብዛት ስለሚደርስ በዚህ ወቅት የአገሬውን ማንጎ መግዛት በጣዕምም በዋጋም ይመረጣል። ቃጫ የበዛበት ማንጎ ከተፈጨ በኋላ በወንፊት መጥለል ስለሚያስፈልገው፣ ቃጫው ያነሰውን ዓይነት ነጋዴውን ጠይቆ መግዛት ይሻላል።

ፓፓያ ቆዳው ከግማሽ በላይ ቢጫ የሆነ፣ ሲጫኑት ግን ያልላመ መሆን አለበት፤ ከመጠን በላይ የበሰለ ፓፓያ ውሃ ስለሚያወጣ ድርቡን ያፈርሳል። አቮካዶ በመዳፍ ውስጥ ሲጨበጥ እሺ የሚል፣ ከዛፉ ጋር ያያያዘው ቁራጭ ሲነሳም ከሥሩ አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ሊሆን ይገባል፤ ቦታው ቡናማ ከሆነ ውስጡ መጥቆር እንደጀመረ ያመለክታል። ጥሬ አቮካዶ ብቻ ከተገኘ ከሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ውስጥ ቢቀመጥ፣ ሙዙ የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ የሚያበስል ጋዝ ያፈጥነዋል። ዘይቱን ደግሞ ሽታው ክፍሉን የሚሞላና ቆዳው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ የተለወጠ ሲሆን ይመረጣል።

መጠንና ዕቃ

ቀጥሎ የተዘረዘረው መጠን እያንዳንዳቸው 350 ሚሊ ሊትር ለሚይዙ አራት ረጃጅምና ግልጽ ብርጭቆዎች የሚበቃ ሲሆን፣ ከነዘሩ ከሚፈጨው ከዘይቱን በቀር የፍራፍሬዎቹ ክብደት ተልጠውና ዘራቸው ወጥቶ የሚለካ ነው፦

- አቮካዶ 250 ግራም፣ ከ100 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃና ከ1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጋር፤
- ማንጎ 300 ግራም፣ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጋር፤
- ዘይቱን 350 ግራም፣ ከ100 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጋር፤
- ፓፓያ 320 ግራም፣ ከ1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጋር፣ ያለ ውሃ፤
- ያልተበረዘ ቪምቶ ለእያንዳንዱ ብርጭቆ 2 የሻይ ማንኪያ፤
- በገበታ ላይ የሚጨመቅ፣ ለሁለት የተከፈለ ሎሚ።

የሚያስፈልገው ዕቃ መፍጫ (ብሌንደር)፣ ቀጭን ወንፊት፣ ረጅም ማንኪያ፣ ክዳን ያላቸው አራት ዕቃዎችና ንጹሕ ፎጣ ብቻ ነው። ለመፍጫ የሚገባው ውሃም ሆነ በረዶ የሚሠራበት ውሃ የታሸገ ወይም የተጣራ የመጠጥ ውሃ ሊሆን ይገባል፤ የከተሞቹ የቧንቧ ውሃ ወደ ቤት ከመድረሱ በፊት ብዙ ጊዜ በሕንጻው ጋን ውስጥ ስለሚከማች የጋኑ ንጽሕና በአዘጋጁ እጅ አይደለም።

ፍሬዎቹን መፍጨት

አንደኛ፣ ፍራፍሬዎቹ ከመላጣቸው በፊት በሚፈስ ውሃ ይታጠባሉ፤ ቆዳ ላይ ያለ ቆሻሻ በቢላዋው ስለት አማካይነት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይህ ደረጃ ለሚላጠው ፍሬ ሳይቀር አይታለፍም።

ሁለተኛ፣ ዘይቱን መጀመሪያ ይፈጫል። ፍሬዎቹ ለአራት ተከፍለው ከውሃው ጋር ወደ መፍጫው ከገቡ በኋላ፣ መፍጫው ያለማቋረጥ ከመሽከርከር ይልቅ ለአጭር ለአጭር ጊዜ እየተነሳና እየቆመ እንዲሠራ ይደረጋል፤ ምክንያቱም የዘይቱን ዘር ጠንካራ ስለሆነ ከተደቀቀ ጁሱ በምላስ ላይ አሸዋ ይሆናል። ከዚያም ፍጩ በወንፊት ላይ በማንኪያ ጀርባ እየተገፋ ይጠለላል፤ ዘሩም በወንፊቱ ላይ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ፓፓያው ለሁለት ተሰንጥቆ ጥቋቁሩ ዘርና ከዘሩ ሥር ያለው ነጣ ያለ ስስ ሽፋን በማንኪያ ሙልጭ ተደርጎ ይወጣል፤ ሽፋኑ ከቀረ ጁሱን ያመርረዋል። ሥጋው ከሎሚው ጋር ብቻ ይፈጫል። ፓፓያ ፓፔይን የተባለ፣ ፕሮቲንን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ስላለው ከወተት ጋር ተፈጭቶ ከቆየ ይመርራል፤ ስለዚህ ለዚህ ድርብ ወተት አይጨመርም።

አራተኛ፣ ማንጎው በጥቂት ውሃ ይፈጫል፤ ቃጫ ካለውም ይጠለላል። የበሰለ ማንጎ ስኳር አያስፈልገውም።

አምስተኛና መጨረሻ፣ አቮካዶው ይፈጫል። የአቮካዶ ሥጋ በአየር ሲነካ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ስለሚያጠቁረው፣ ሎሚው በመጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያው አብሮ ይገባል፤ የሎሚው አሲድ ይህንን ኢንዛይም ያዳክመዋልና። ውሃው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ሦስት ጊዜ እየተከፈለ ይጨመራል፤ ትክክለኛው ውፍረት ላይ መድረሱም ማንኪያ ተነክሮ ሲነሳ ጁሱ እንደ ወፍራም እርጎ ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ በመውደቁና የወደቀበት ቦታ ምልክቱ ወዲያው ባለመጥፋቱ ይታወቃል። በሳዑዲ ጭማቂ ቤቶች አቮካዶን በወተትና በማር መፍጨት የተለመደ ነው፤ ይህንን የሚመርጥ ሰው ሎሚ ወተትን ስለሚቋጥር ሎሚውን መተው ይኖርበታል።

እያንዳንዱ ጁስ በየራሱ ዕቃ ተከድኖ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት በፍሪጅ፣ ችኮላ ካለም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በፍሪዘር ይቀመጣል። ብርጭቆዎቹም አብረው ይቀዘቅዛሉ። በረዶን ከፍሬው ጋር መፍጨት ግን አይመከርም፤ በረዶው ሲሟሟ ጁሱን ስለሚያቀጥነው በደንብ የቆመ ድርብ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል።

መደረብ

ቪምቶ እ.ኤ.አ. በ1908 ጆን ኖኤል ኒኮልስ በእንግሊዟ ማንቸስተር የፈጠረው፣ የወይን፣ የራስፕቤሪና የጥቁር ከራንት ጭማቂ ከቅመማ ቅመም ጋር የተቀናበረበት ሽሮፕ ሲሆን፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የረመዳን ገበታ መለያ እስከመሆን ደርሷል፤ ዛሬም በሳዑዲዋ ደማም ይመረታል። በኢትዮጵያ ጁስ ቤቶች ደግሞ የአቮካዶ ጓደኛ ሆኗል፤ ስለዚህ ስፕሪስ በጂዳ ሲሠራ ቪምቶ ከማንኛውም በቃላ፣ ማለትም ከሰፈር ሱቅ ይገኛል። ሽሮፑ ከባድ ስለሆነ ከላይ ቢፈስ ይሰምጣል፤ በመሆኑም የመጀመሪያው ሥራ የቀዘቀዘውን ብርጭቆ አጋድሎ ቪምቶውን በውስጠኛው ግድግዳ ላይ በቀጭኑ እያዞሩ ማውረድ ነው። ይህም በድርቦቹ ጎን የሚታይ ጥቁር ቀይ ሰንበር ይተዋል፤ የተረፈውም ከታች ይጠራቀማል።

ቀጥሎ ወደ 75 ሚሊ ሊትር የሚሆን አቮካዶ፣ ማለትም አምስት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ይገባል። እዚህ ላይ የእጁ አካሄድ ወሳኝ ነው። ጁሱን መሐል ላይ ከጣሉት በራሱ ክብደት የታችኛውን ያሰረጉዳል፤ ጠርዞቹም ወደ ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ ማንኪያው የብርጭቆውን ግድግዳ ነክቶ ጁሱ መጀመሪያ ዙሪያውን ይቀመጣል፣ መሐሉ የሚሞላውም ጠርዙ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ በዚህ አኳኋን ከውጭ ለሚመለከት በሁለቱ ቀለሞች መካከል ያለው መስመር ቀጥ ብሎ ይታያል። ብርጭቆው በጠረጴዛ ላይ ባለ ፎጣ አንድ ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ መታ መታ ሲደረግ የታመቀው አየር ይወጣል፤ ላዩም ይስተካከላል።

ከአቮካዶው በላይ ማንጎ፣ ከማንጎው በላይ ዘይቱን፣ በመጨረሻም ፓፓያ በተመሳሳይ መጠን ይደረባሉ። ይህ ቅደም ተከተል የተመረጠው የማንጎና የፓፓያ ቀለም ስለሚቀራረብ ነጭ ወይም ሮዝ የሆነው ዘይቱን በመካከላቸው ገብቶ እንዲለያቸው ሲሆን፣ ፓፓያው ከዘይቱኑ የወፈረ ሆኖ ከተገኘ በ1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይላላል። በአንዱና በሌላው ድርብ መካከል ብርጭቆው ለአምስት ደቂቃ ወደ ፍሪዘር ቢመለስ ላዩ ጠንከር ስለሚል ቀጣዩን ያለ ችግር ይሸከማል። ከሦስተኛው ድርብ ጀምሮ ጁሱን በተገለበጠ ማንኪያ ጀርባ ላይ ማውረድ የአወራረዱን ኃይል ይሰብራል።

መጠጡ በብርጭቆው አፍ ላይ ግማሽ ሎሚ ተቀምጦለት ከረጅም ማንኪያ ጋር ይቀርባል። ጂዳ የቀይ ባሕር ዳርቻ ከተማ በመሆኗ አየሯ እርጥበት ይበዛበታል፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ከፍሪጅ በወጣ በአፍታ ውስጥ ጤዛ ለብሶ ድርቦቹን ይጋርዳል። ስለዚህ ብርጭቆው ወደ ገበታው ሲቀርብ በደረቅ ፎጣ ይታበሳል። ከባሕሩ ራቅ ብላ በምትገኘው በመካ ይህ ችግር ብዙውን ጊዜ ይቀላል፤ ነገር ግን ሙቀቱ የከፋ ስለሆነ ጁሱ ቶሎ ይላላል።

የኢፍጣር ጊዜ አያያዝና ንጽሕና

በረመዳን ሥራው ሁሉ በመጨረሻው ሰዓት እንዳይደራረብ፣ ዘይቱን፣ ፓፓያና ማንጎ ከቀትር በፊት ተፈጭተው በፍሪጅ መቆየት ይችላሉ። አቮካዶ ግን ከቀትር በኋላ ከሚሰገደው የአስር ሰላት በኋላ ቢፈጭ ይመረጣል፤ መቆየቱ የግድ ከሆነ የምግብ መሸፈኛ ፕላስቲክ የጁሱን ላይ ነክቶ እንዲለጠፍበት ይደረጋል፤ በመካከል አየር ካልቀረ ቶሎ አይጠቁርም። መደረቡ ለመግሪብ፣ ማለትም ለፀሐይ መጥለቂያ ግማሽ ሰዓት ሲቀር ይጀመራል፤ ጾመኛው በተምርና በውሃ ካፈጠረ በኋላ ብርጭቆዎቹ ከፍሪጅ ወጥተው ይቀርባሉ።

የተቆረጠና የተፈጨ ፍሬ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ደግሞ ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ይቀንሳል። በጂዳና በመካ በጋ ይህ ሙቀት የዘወትር ነገር በመሆኑ የአንድ ሰዓቱን ሕግ መያዝ ያስፈልጋል፤ የፍሪጁ ቅዝቃዜም 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይገባል። ለጎረቤት ወይም ለመስጊድ ገበታ የሚወሰድ ከሆነ የተደረበው ብርጭቆ በመንገድ ስለሚናወጥ ጁሶቹ በየዕቃቸው በበረዶ ሣጥን ተወስደው በቦታው ይደረባሉ።

ስለ ስኳርም መጠንቀቅ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በጭማቂና በሽሮፕ ውስጥ ያለውን ጨምሮ የቀን ስኳር ለአንድ ጎልማሳ ከ50 ግራም ገደማ እንዳያልፍ፣ ቢቻልም ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይመክራል፤ ሳዑዲ ዓረቢያም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 በጣፈጡ መጠጦች ላይ 50 በመቶ ልዩ ግብር ጥላ ነበር። በዚህ መመሪያ ስኳር ያልተዘረዘረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የስኳር ሕመም ላለበት ሰው የሚሠራ ከሆነም ቪምቶው ይቀራል፣ ማንጎው ይቀንሳል፣ አቮካዶው ይበዛል።

የሚያጋጥሙ ጉድለቶችና መፍትሔያቸው

ድርቦቹ ወዲያው ከተቀላቀሉ ብዙውን ጊዜ የታችኛው ቀጥኗል ወይም አልቀዘቀዘም ማለት ነው፤ የቀጠነ ማንጎ ጥቂት ተጨማሪ ማንጎ ገብቶበት እንደገና ሲፈጭ ይስተካከላል፣ የቀጠነ አቮካዶም እንዲሁ። በድርቦቹ ድንበር ላይ ውሃ ከታየ ፓፓያው ከመጠን በላይ በስሏል፤ ፍጩ በወንፊት ላይ ለአሥር ደቂቃ ሲቀመጥ ትርፉ ውሃ ይወርዳል። ጁሱ አረፋ ከያዘ መፍጫው ከሚገባው በላይ ተሽከርክሯል፤ አረፋው በማንኪያ ከላዩ ይገፈፋል ወይም ጁሱ በፍሪጅ እስኪረጋ ይጠበቃል። አቮካዶው መራራ ከሆነ ፍሬው ጥሬ ነበር፤ ይህንን ስኳር ስለማያቃናው ሌላ የበሰለ ፍሬ መጠቀም ብቻ ያዋጣል።

በሒጃዝ የሚገኙ ሌሎች አማራጮች

ይህንን አሠራር የያዘ ሰው የአካባቢውን ፍሬ እያፈራረቀ መሥራት ይችላል። ከጂዳና ከመካ በስተምሥራቅ በተራራ ላይ የምትገኘው ጣኢፍ በሮማኗና በጽጌረዳ ውሃዋ ትታወቃለች፤ የሮማን ፍሬ በአራተኛው ድርብ ላይ ሲበተን ቀለምም ኮምጣጣነትም ይሰጣል፣ በዘይቱን ውስጥ የሚገባ ጥቂት ጠብታ የጽጌረዳ ውሃም ከፍሬው መዓዛ ጋር ይስማማል። ቪምቶ ለማይወዱ ዲብስ የተባለው የተምር ሽሮፕ በዚያው ቦታ ይተካል፤ እርሱም ከባድ ስለሆነ ከታች ይገባል። ቀዝቅዞ ስኳር ያልተጨመረበት የከርከዴ ሻይ ደግሞ ቀላል ስለሆነ በፓፓያው ላይ በማንኪያ ጀርባ ቀስ ተብሎ ሲወርድ አምስተኛ ድርብ ይሆናል።

አዲስ ፍሬ በእጅ ሲገባ አዘጋጁ ሦስት ጥያቄዎችን አስቀድሞ ሊመልስ ይገባል፤ ፍሬው ሲፈጭ ምን ያህል ይወፍራል፣ ቀለሙ ከጎረቤቱ ይለያል ወይ፣ ከሎሚ ወይም ከወተት ከየትኛው ጋር ይስማማል? የመጀመሪያው ጥያቄ የፍሬውን ቦታ ከታች ወይም ከላይ ይወስናል፤ ሁለተኛው ጎረቤቶቹን፣ ሦስተኛው አብሮት የሚፈጨውን ይመርጣል። አሠሪ ወይም እንግዳ አናናስ፣ እንጆሪ ወይም ሌላ ፍሬ ይዞ ቢመጣ እንኳ፣ እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ የምትችል ሴት በሰው አገር ማድ ቤት የአገሯን መጠጥ ሳትቀንስ፣ ያለችበትንም አገር ፍሬ ሳታባክን በሙሉ እምነት ታቀርባለች።